በዐድዋ ዘመን ላይ ለሚሠራ ተውኔት ጸጉርና ሜካፕ ስለ ማዘጋጀት

እህቴ፣ የትምህርት ቤትዎ የቴአትር ክበብ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ ተውኔት እያዘጋጀ መሆኑን ገልጸው፣ የእቴጌ ጣይቱን፣ የአንዲት ልጃገረድንና የዘማቾችን ጸጉርና ሜካፕ በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት መሥራት እንደሚቻል፣ በተለይም የትኞቹን የሜካፕ ዕቃዎች መግዛት እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ተዋንያንን ለመድረክ በማዘጋጀት ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ስለ ጸጉሩ እንዲያስቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ተመልካቹን ወደዚያ ዘመን የሚወስደው በመጀመሪያ ጸጉሩ ነው፤ ፊት ላይ ግን ከሚጨመረው ይልቅ የሚቀነሰው ይበልጣል።

በዚያ ዘመን ጸጉር የሰውየውን ዕድሜና የኑሮ ደረጃ ይናገር ነበር። ትንሽ ወንድ ልጅ ራሱን ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፤ ያላገባች ልጃገረድ ደግሞ መሀል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ብቻ ታሳድጋለች፤ ሳዱላ የሚባለውም ይኸው ነው። ስታገባ ሙሉውን አሳድጋ ትሠራዋለች፤ ከባድ ሐዘን ሲደርስባት ትላጨዋለች። ስለዚህ ልጃገረዲቱን እንደ ባለትዳር ሹሩባ ሠርታችሁ ወደ መድረክ ካወጣችኋት፣ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ማንነቷ ተምታቷል ማለት ነው። ተዋናይቷን መላጨት ግን ፈጽሞ አያስፈልግም። ጸጉሯን ጠፍጥፋችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ስቶኪንግ በራሷ ልክ እንደ ቆብ ሰፍታችሁ፣ በጠርዙ ዙሪያ አጭር ከርዳዳ ሰው ሠራሽ ጸጉር ብትሰፉበትና ግንባሯ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ በፋውንዴሽን ብትሸፍኑት፣ ከተመልካች መቀመጫ ሲታይ በደንብ ያሳምናል።

ለባለትዳር ሴቶች የሚሠራው ሹሩባ ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ እስከ ማጅራት ይወርድና ጫፉ ሳይጎነጎን ትከሻ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ዛሬ የምናየውና እስከ ወገብ የሚደርሰው የተቀጠለ ሹሩባ ከዚያ ዘመን ጋር አይሄድም። መቀጠል ግድ ከሆነም የማያብረቀርቀውን ጸጉር ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው የመድረክ መብራት ሲያርፍበት ወዲያውኑ ፕላስቲክነቱ ይታወቃል። ታሪኩ ትግራይ ውስጥ የሚኖሩ ሴቶችን የሚያሳይ ከሆነ አልባሶ የሚባለውን ሹሩባ የምትሠራ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አያስቆጭም። የእቴጌ ጣይቱ ፎቶግራፎች ስላሉ የእርሳቸውን አሠራር በቀጥታ ከእነዚያ ላይ ይውሰዱ። እውነተኛ ቅቤ ጸጉር ላይ አይቀቡ፤ በመብራቱ ሙቀት ቀልጦ ፊቱንም ልብሱንም ያበላሻል። ጥቂት ግሊሰሪን ተመሳሳይ ወዝ ይሰጣል።

በዘማቾቹ በኩል ትልቁ ችግር የዛሬ ወጣቶች ጎናቸውን ተላጭተው መሀሉን የሚተዉበት አቆራረጥ ነው። ተዋንያኑ እንደተመረጡ መቆረጥ እንዲያቆሙ ይንገሯቸው፤ ጥቂት ወራት ካሉ ጸጉራቸው አድጎ በሚዶ ሲበጠር ለጎፈሬ ይበቃል። ላላደገላቸው ነጭ ሻሽ ማሰር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው ስለሚታዩ ይህ ከእውነት የራቀ ማምለጫ አይደለም። የአንበሳ ጎፈር ግን የጀግንነትና የማዕረግ ምልክት ስለሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት የጦር አለቆች ብቻ ይሁን። ደግሞም ጦረኛ በተባለ ሁሉ ራስ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ መድገም በመድረኮቻችን የተለመደ ስሕተት ነው፤ እርሳቸው መቅደላ ላይ የሞቱት በ1860 ዓ.ም. ነውና እያንዳንዱን የዐድዋ ዘማች በእርሳቸው መልክ መቅረጽ ሁለቱንም ዘመን ያደበዝዛል። ጺም መለጠፍ ካስፈለገ ከአገጭ ሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ በትንሽ በትንሹ ደርቡት። ለቆዳ የተሠራ ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ የጫማ ማስቲሽ የተዋናይን ፊት ያቆስላል።

ወደ ፊቱ ስንመጣ፣ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት፣ ተላጭቶ የተሳለ ቅንድብ፣ የሚያብረቀርቅ ሊፕስቲክና ረጅም ጥፍር ይወገዱ። ሴቶቹን ኩል ይበቃቸዋል። እጅና እግር ላይ የእንሶስላ ቀለም፣ አንገት ላይ ደግሞ በጥቁር አረንጓዴ እርሳስ የተሳለ ንቅሳት ቢጨመር ያምራል፤ ነገር ግን ከሩቅ እንዲታይ መስመሩን ወፈር ማድረግ ያስፈልጋል።

እቴጌይቱ በዘመቻው ጊዜ ከአርባ ዓመት በላይ ስለነበሩ ወጣቷን ተዋናይት በዕድሜ ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ፓውደር ከተነሰነሰ ፊቱ አመድ የለበሰ ይመስላል። ጥላውን ወደ ቀይ በሚያደላ ጥቁር ቡናማ ከጉንጭ አጥንት ሥርና በአፍንጫና በአፍ መካከል ባለው መስመር ላይ ይሥሩ፤ ብርሃኑን ደግሞ ከቆዳዋ ጥቂት በሚፈካ ወርቃማ ቡናማ ይስጡ። ሽበት ለማሳየት ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ጥቂት ቢጫ የተቀላቀለበት ነጭ ይቀቡ፤ ንጹሑ በመብራት ሥር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የመብራት ባለሙያውን አስቀድመው ያነጋግሩት፤ ቀይ ቀለም በሰማያዊና በአረንጓዴ መብራት ሥር ጠቁሮ ስለሚታይ፣ ለምሽት ትዕይንት የተሳለ ቁስል ጭቃ ሊመስል ይችላል። ሥራዎን በመስተዋት ፊት ብቻ አይመዝኑት፤ መብራቱ በርቶ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው ይመልከቱት።

ለመነሻ የሚሆን ማስረጃ ከፈለጉ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ተማሪዎቹን ይዘው ይሂዱ። የባህላዊ ሥዕሎቻችን ትልልቅ ዓይኖች የአሣሣል ልማድ እንጂ የሰዎቹ መልክ ስላልሆኑ፣ ከሥዕሎቹ የጸጉሩንና የአለባበሱን ነገር ብቻ ይውሰዱ።

ገንዘብ አነስተኛ ነው ብለው ለሁሉም አንድ ብልቃጥ ኩልና አንድ መኳያ እንዳያዞሩ አደራ እላለሁ፤ የዓይን ሕመም በቀላሉ ይተላለፋልና እያንዳንዷ ተዋናይት የራሷ ይኑራት። የተለጠፈውን ጺምም ተዋናዩ ቸኩሎ እንዳይነቅለው፣ ጠርዙን በዘይት አርሶ እስኪላቀቅ እንዲጠብቅ ያድርጉ።