«ካርዱም ፒኑም ትክክል ነው» ላለ ባንክ ምን ይመለሳል?

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ነው። ጠያቂዋ እህል ነጋዴ ናቸው። ደብዳቤያቸውን አሳጥሬ እንዲህ አቀርበዋለሁ።

«ቅዳሜ ዕለት ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ከቀኑ 10፡30 ገደማ ኤቲኤም ላይ ብር ላወጣ ስል ማሽኑ ካርዴን እንቢ አለኝ። ከኋላዬ የቆመ ወጣት ‹እናቴ፣ ገልብጠው ነው ያስገቡት፣ ላግዝዎት› አለኝ። ካርዱን ተቀብሎ አስገባልኝ። ቁጥሬን ስነካ አጠገቤ ነበር። ‹ሲስተም የለም› ብሎ ካርድ መለሰልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳየው መልኩ አንድ ነው፣ ስሙ ግን የእኔ አይደለም። ስልኬ ባትሪ ዘግቶ ነበር። በእህቴ ስልክ ከምሽቱ 12፡40 ላይ ለባንኩ ጥሪ ማዕከል ደወልኩ። ‹ካርዱ ተዘግቷል፣ አይስጉ› አሉኝ። ሰኞ ቅርንጫፉ ስሄድ 68,000 ብር ወጥቷል። 30,000ው ከመደወሌ በፊት በሦስት ጊዜ፣ 10,000ው ከደወልኩ በኋላ ከምሽቱ 1፡15 ላይ ከኤቲኤም፣ 28,000ው ደግሞ እሑድ ጠዋት ደሴ ካለ ሱቅ በፖስ ማሽን (ሱቅ ውስጥ በካርድ በሚከፈልበት)። ወላሂ ቁጥሬን ለማንም አልነገርኩም። ሥራ አስኪያጁ ‹ካርዱም ፒኑም ትክክል ነው፣ ባንኩን አይመለከተውም› አለኝ። በጽሑፍ ስጡኝ ብል አልሰጥም አለ። ካርዱን ስወስድ የፈረምኩት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን እንደሚል አላውቅም። ልክሰስ? የት? ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ አብሽሩ። አይተዉት። በተለይ 38,000ውን በፍጹም አይተዉት።

ብዙ ሰው ገና ከመነሻው የሚሸነፈው በአንድ ቃል ነው። ባንክ ገብቶ «ብሬ ተሰረቀ» ይላል። ባንኩም «እናዝናለን፣ ሌባውን ፖሊስ ይፈልግልዎት» ይለዋል። ነገሩ በሕግ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ባንክ ያስገቡት ገንዘብ እንደ ጎተራ እህል የእርስዎ ተብሎ ተለይቶ አይቀመጥም። የባንኩ ይሆናል። በምትኩ ባንኩ የእርስዎ ባለዕዳ ይሆናል፤ ሲጠይቁ ያንኑ ያህል ሊከፍልዎት ግዴታ ይገባል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ባንክ ተቀማጭ የተጻፈው ይህንኑ ይላል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ብዙውን የቀድሞውን ክፍል ቢተካም፣ ይህኛው ክፍል አሁንም ይሠራበታል።

እንግዲህ ልጁ የወሰደው ከባንኩ ነው። ባንኩ «ዕዳዬን ለእርስዎ ከፍያለሁ» እያለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 ደግሞ ክፍያ መፈጸም ያለበት ለባለገንዘቡ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ነው ይላል። ኮምቦልቻ ላይ ካርድ የቀየረ ልጅ የእርስዎ ወኪል አይደለም።

ማን ያስረዳ? ቁጥር 2001 መልስ አለው። ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። እርስዎ ሂሳብ እንዳለዎትና ያን ያህል ብር እንደነበረዎት ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ «በትእዛዟ ከፍያለሁ» ማለት የባንኩ ሸክም ነው። ቅርንጫፍ ውስጥ ቆመው ካርዱን እርስዎ እንዳልተጠቀሙበት ለማስረዳት ሲለምኑ የዋሉት፣ ሸክሙ በስህተት እርስዎ ላይ ስለተጫነ ነው።

አሁን የባንኩን ክርክር በሐቅ እንየው፤ ባዶ አይደለምና። ጠበቃቸው ቁጥር 1743ን ይዞ ይመጣል። ያለ ጥርጥር ባለገንዘቡን መስሎ ለታየ ሰው በቅን ልቦና የተከፈለ ክፍያ ይጸናል ይላል ሕጉ። «ትክክለኛ ካርድ ገባ፣ ትክክለኛ ፒን ተነካ፣ ማሽን ሌላ ምን ሊያውቅ ይችላል?» ይላሉ። ከመደወልዎ በፊት ለወጣው 30,000 ይህ ክርክር ጉልበት አለው። ልደብቅዎት አልፈልግም።

ከ12፡40 በኋላ ግን ይፈርሳል። ካርዱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ባንኩ «ባለቤቷ መስላኝ ነበር» ሊል አይችልም። ቅን ልቦና የሚባለው አለማወቅን ይጠይቃል፤ እነሱ ግን ያውቁ ነበር። «ተዘግቷል» ብለውም አረጋግጠውልዎታል። እርስዎም ያንን አምነው ሌላ ነገር ሳያደርጉ አደሩ። የቅዳሜው 10,000 እና የእሑዱ 28,000 ባንኩ ራሱ «ፈጽሜያለሁ» ብሎ ባልፈጸመው ሥራ የመጣ ጉዳት ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ባንኩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከ12፡40 እስከ 1፡15 ድረስ ባለው 35 ደቂቃ ምን ሠራችሁ?

ስለዚህ የክስዎ ምሰሶ ያቺ የስልክ ጥሪ ናት። ችግሩ የተደወለው በእህትዎ ስልክ ነው። ባንኩ «እኛ ጋ የተመዘገበው ስልክ አልደወለም» ሊል ይችላል። አትደናገጡ። የእህትዎ ስልክ ላይ ያለውን የጥሪ ዝርዝር ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት፣ ሰዓቱና የተደወለበት ቁጥር እንዲታይ። ስልኩ እንዳይቀየር፣ ዝርዝሩም እንዳይጠፋ። ፍርድ ቤት ሲደርሱ ከኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ዝርዝሩ እንዲመጣ፣ ከባንኩም የጥሪ ማዕከሉ የድምፅ ቅጂ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይጠይቃሉ። እህትዎም ምስክር ናቸው። ባንኩ በስልክዎ የላካቸው መልእክቶች ካሉም «ይህ የስልክ ጽሑፍ ነው» ተብሎ እንዳይጣልብዎት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ማስረጃ ዋጋ አያጣም።

30,000ውንም ቢሆን ከክሱ አያውጡት። ደከም ያለ ነው እንጂ የሞተ አይደለም። ሁለት ነገር ይመርመሩበት። አንደኛ፣ ባንኩ ለካርድዎ ያስቀመጠው የቀን ወጪ ገደብ ስንት ነው? ሦስቱ ወጪዎች ከገደቡ ካለፉ ባንኩ የራሱን አጥር ራሱ ዘልሏል። ሁለተኛ፣ ያ የፈረሙት ወረቀት።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወሎ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በየቦታው ያለ በሽታ ነውና። ካርድ ሲሰጥ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይባላል። ከፊርማው በላይ ያለው በደቃቅ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከነዚያ መስመሮች አንዱ «በካርድና በፒን ለተፈጸመ ማንኛውም ክፍያ ኃላፊው ደንበኛው ነው» የሚል ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ያዘጋጀው አጠቃላይ የውል ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ሲያውቀውና ሲቀበለው ነው ይላል። በመንግሥት አካል የጸደቀ ከሆነ ግን ይለያል። ቁጥር 1738 ደግሞ አንዱ ወገን አትሞ ያቀረበው ውል ቃሉ አሻሚ ከሆነ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተርጎም ይላል። ሕጉ በውል ኃላፊነትን መቀነስ ቢፈቅድም፣ ባጠፋሁም ጊዜ አልጠየቅም ማለትን አይፈቅድም። እርግጥ ፊርማዎ ፊርማ ነው። «አላነበብኩም» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ዳኛው «ለምን ፈረሙ?» ማለቱ አይቀርም። ግን ማንም አላስረዳኝም፣ ቅጂም አልተሰጠኝም ካሉ፣ ባንኩም ማስረዳቱን ካላሳየ፣ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያጋድላል።

ስለ ፒኑ እውነቱን ብቻ ይናገሩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሳላስተውል አይቶብኛል ይበሉ። «ማንም አጠገቤ አልነበረም» ብለው ቢጀምሩና ካሜራው ሌላ ቢያሳይ፣ ጠንካራው 38,000ም አብሮ ይጠረጠራል። መታለል ወንጀል አይደለም። ለሰው ክፉ አለማሰብ ባደገበት አገር «ላግዝዎት» ያለን ልጅ ማመን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ካሜራ ካልኩ፣ ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በቁጥር 1845 መሠረት እስከ 10 ዓመት አይታገድም። የካሜራ ምስል ግን አይጠብቅዎትም። በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ስለዚህ ነገ ጠዋት አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ለቅርንጫፉ መዝገብ ክፍል ይስጡና በሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስደርገው ይያዙ። አንቀበልም ካሉ ለዋና መሥሪያ ቤቱ በፖስታ በአደራ ይላኩ፤ የፖስታ ደረሰኙ ማስረጃዎ ነው። በደብዳቤው ላይ ይህን ያህል ቢሉ ይበቃል፦

«የሂሳብ ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን ከምሽቱ 12፡40 ላይ በዚህ ስልክ ለጥሪ ማዕከላችሁ ደውዬ ካርዴ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን አሳውቄ ካርዱ መዘጋቱ ተነግሮኛል። ከዚያ በኋላ 38,000 ብር፣ ከዚያ በፊት 30,000 ብር ያለ እኔ ትእዛዝ ተከፍሏል። በ15 ቀን ውስጥ ሂሳቤ ላይ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የእያንዳንዱን ወጪ ሰዓት፣ የማሽን ቁጥርና ቦታ፣ ካርዱ የተዘጋበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ የፈረምኩትን ውል ቅጂ እንድትሰጡኝ፣ የኤቲኤሙን የካሜራ ምስልና የጥሪውን የድምፅ ቅጂ ሳታጠፉ እንድታቆዩልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ሁለት ሥራ ይሠራል። በቁጥር 1772 የሚፈለገው ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ለመጠየቅ መነሻ ያገኛሉ። በኋላ ምስሉ «ጠፋ» ቢባልም ለምን እንደጠፋ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ኤቲኤሙ የሌላ ባንክ ከሆነም ደብዳቤው ለራስዎ ባንክ ነው። የእርስዎ ውል ከእሱ ጋር ነው። የባንኮች ክፍያ እርስ በርስ የሚገናኘው በኢትስዊች በኩል ስለሆነ መዝገቡን ከዚያም ከባለማሽኑ ባንክም ማስመጣት የራሱ ሥራ ነው።

መልስ ካልሰጡ ወይም እንቢ ካሉ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላሉ። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች የደንበኛ ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገድዷል። የቃል «አይመለከተንም» ቅሬታ ማስተናገድ አይባልም። ማመልከቻዎ ላይ ያንን ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያያይዙ።

ክሱን የት? አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ባንኮች በፌዴራል ደረጃ የተመዘገቡ ስለሆኑ «ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው» የሚል መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ስለዚህ ደሴ ያለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይበቃል። የዳኝነት ገንዘብ ከከበደዎት በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ለጠበቃ አቅም ካነሰ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ለፖሊስም ያመልክቱ፣ ኮምቦልቻ። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያስጠይቃል። ባንኩ «መጀመሪያ ሌባው ይያዝ» ካለዎት ግን አይቀበሉት። የወንጀሉ ምርመራ ሌላ፣ የባንኩ ዕዳ ሌላ ነው።

እጅዎ ላይ የቀረውን የሌላ ሰው ካርድ አይጣሉት። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስተው ለፖሊስ በደረሰኝ ያስረክቡ። ስሙ ያለበት ሰው ከእርስዎ በፊት የተበላ ሊሆን ይችላል። እሱ ከተገኘ ታሪካችሁ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ልጁ ከተያዘም ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። ቤተሰቡ አልቅሶ፣ አባቶች ዱዓ አድርገው፣ «የቻልነውን ከፍለን እንታረቅ» ይላሉ። መታረቁ መልካም ነው፤ የአገራችን ወግ ነው። ወረቀቱን ግን ሳይፈርሙ ለሕግ ሰው ያሳዩ። «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በማንም ላይ ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ ነገ ባንኩ ያንን ወረቀት ይዞብዎት ይመጣል። የተቀበሉት ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ፣ በባንኩ ላይ ያለኝ ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው የሚል ይጨመርበት።

ደሴ ያለውን ሱቅ በተመለከተ፣ በፖስ ማሽን የተከፈለ ስለሆነ 28,000ው የት እንደገባ ይታወቃል። ምን እንደተሸጠ፣ ለማን ደረሰኝ እንደተቆረጠ ባለሱቁ ያውቃል፤ ካሜራም ሊኖረው ይችላል። ብቻዎን ሄደው ግን አይጋፈጡት። ባለሱቁ ምንም የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ማስጠንቀቅ ይሆናል። የሱቁን ስምና የክፍያውን ሰዓት ከሂሳብ መግለጫዎ ላይ ገልብጠው ለመርማሪው ይስጡት።