በሥራ ጉዞ ላይ ትንንሽ ምስሎችን መቀባት

ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ ትንንሽ ምስሎችን (የተዋጊ ቅርጾችን) የሚቀቡ ከሆነ፣ ለሥራ ከቤት በወጡ ቁጥር ቅቡ እንዳይቋረጥብዎ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት፦ የጨዋታው ሜዳ ሞዴሎች፣ ማለትም ኮረብታውና ፍርስራሹ፣ እቤት ይቅሩ፣ ምስሎቹ ብቻ አብረዎት ይጓዙ። ኮረብታው የሚሠራበትን ፎም ቆርጠው በጉዞዎ ዋዜማ የእንጨት ሙጫ ቀብተው አሸዋ ቢነሰንሱበት፣ እርስዎ በሌሉበት ይደርቃል።

ምስሎቹን የመሠረት ቀለም ቤት ረጭተው ይያዙ፤ የሚረጨው ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በየትኛውም የአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። ባለ 17 ሚሊ ሊትር የአክሪሊክ ጠርሙሶች ግን ለእጅ ሻንጣ ከተለመደው የ100 ሚሊ ሊትር ወሰን በታች ናቸው፤ ጥቂት ቀለማት፣ ሁለት ብሩሾችና ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ እንደ መቀላቀያ የሚያገለግል፣ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ የተነጠፈ የመጋገሪያ ወረቀት ለአንድ ምሽት ይበቃሉ።

ከልምዴ አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ የሆቴል መብራት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ስለሆነ፣ በእሱ ሥር ልክ የመሰለው የፊት ቀለም በቀን ብርሃን ሌላ ሆኖ ይታያል። በጉዞ ላይ ጫማ፣ ቀበቶና ጋሻ ይቀቡ፤ ፊቱን ለቤትዎ ያቆዩት።