በአሮጌ የመዳብ ሳንቲም ላይ ስለሚታየው የእንጨት መስመር፤ ለተነሣው ጥያቄ መልስ

ጠያቂያችን ከገዟቸው አሮጌ የአሜሪካ ፔኒዎች (የአንድ ሳንቲም ገንዘቦች) መካከል በጥቂቶቹ ላይ እንደ ጣውላ ጅማት የተዘረጋ ቡናማና ወርቃማ መስመር ማየታቸውን ጽፈው፣ ይህ ጉዳት ነው ወይስ ሰብሳቢ የሚፈልገው ነገር፣ ቢወለወልስ ይሻላል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ከመጨረሻው ልጀምርና፣ እባክዎ አይወልውሉት። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የታጠበ ሳንቲም ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ አሲዱ የሚያነሣው ግን ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን በረጅም ዘመን የተፈጠረውን የላይኛውን ሽፋን ጭምር ስለሆነ፣ መስመሩም ዋጋውም አብረው ይሄዳሉ።

መስመሩ የመጣው ከብረቱ ከራሱ ነው። ከ1909 ጀምሮ የወጣው የሊንከን ምስል ያለበት ፔኒ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 95 በመቶው መዳብ፣ ቀሪው 5 በመቶ ቆርቆሮና ዚንክ ነበር። ቅይጡ ሲቀልጥ በሚገባ ካልተዋሃደ፣ በደንብ ያልታሸ ሊጥ ውስጥ ዱቄት ለብቻው እንደሚቀር ሁሉ፣ ቆርቆሮና ዚንክ የበዛበት ክፍል ተለይቶ ይቀራል፤ ብረቱ ወደ ስስ ዝርግ ሲዳመጥም ያ ክፍል እየተሳበ ረጅም መስመር ይሆናል። ሳንቲሙ አዲስ ሳለ ይህ እምብዛም አይታይም። አየርና እርጥበት ሲያገኘው ግን የቅይጡ ክፍሎች እኩል ስለማይጠቁሩ መስመሩ ቀስ በቀስ ይወጣል። ይህ በተለይ በሳን ፍራንሲስኮ በተመቱት፣ ከዓመተ ምሕረቱ ሥር «ኤስ» የሚል ፊደል ባለባቸው ቀደምት ፔኒዎች ላይ ይታያል። የ1943ቱ ፔኒ ዚንክ የተለበጠ አረብ ብረት (ስቲል) ስለሆነ፣ ከ1982 ወዲህ የወጡትም መዳብ የተለበጠ ዚንክ ስለሆኑ ከእነርሱ አይጠብቁ።

ዋናው ጉዳይ እውነተኛውን ከተሠራው መለየት ነው፤ በእሳት ወይም በኬሚካል ቀለም የተሰጣቸው ብዙ ናቸውና። ሳንቲሙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። እውነተኛው መስመር በሊንከን ጉንጭም ሆነ በፊደሎቹ ላይ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ምክንያቱም ከመመታቱ በፊት በብረቱ ውስጥ ነበረ፤ ቀለሙ በፊደሎቹ ዙሪያ ከተጠራቀመ ወይም ጫፉ እንደ ፈሳሽ ከተንዠረገገ ይጠራጠሩ። በሁለቱም ገጽ ከታየ ደግሞ አቅጣጫውን ያነጻጽሩ፤ በፊት ገጽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመር ሳንቲሙ ሲገለበጥ ወደ ግራ ያዘነበለ ሆኖ መታየት አለበት፣ ሁለቱ የአንድ ዝርግ ሁለት ገጾች ናቸውና። በአንድ ገጽ ብቻ መታየቱ ግን ሐሰተኛ አያሰኘውም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ቁርጥ ያለ ተመን የለም፤ መልኩን የሚወድ ሰው ይጨምርበታል፣ የማይወደውም ተራ ቡናማ ፔኒ አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆኑ እንደ 1909 የሳን ፍራንሲስኮው ያሉ ውድ ዓመቶችን ትተው፣ በርካሽ ከሚገኙት መካከል መስመሩ የጠራውን ቢመርጡ እመክራለሁ።

የእኛንም ሳንቲሞች አይርሱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው፣ 1936 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የሚል የተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞችም በመጀመሪያ የተመቱት በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ስለሆነ፣ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ካሉ አገላብጦ ማየት አይከፋም። ክቡን 25 ሳንቲም ግን በጥንቃቄ ይዩት፤ በመጠን ከብር ማዕድን ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለሚመሳሰል ብር እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም የሚያሳልፉት ነበሩ፣ በኋላም ጠርዙ ሞገድማ ሆኖ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅቡ የተፋቀበት ሳንቲም የሚያሳየው ዝንጉርጉር የእንጨት መስመር አይደለም።

አያያዙ ቀላል ነው፦ ጠርዙን ብቻ ይያዙ፣ ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አያስቀምጡ፣ አረንጓዴ ያደርገዋልና፤ ከእርጥበትም ያርቁት። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሥተው ቢለጥፉልን የእርስዎን ፔኒዎች አንድ በአንድ ልናያቸው እንችላለን።