ቴፕ፣ ስክሪን፣ ጂፒኤስ፦ ከደሴ ጥያቄና መልስ

መርሐባ! ደሴ ላይ የመኪና ቴፕ ስፈታና ስገጥም 13 ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ሰው የሚያመጣልኝ ሲዲ የዋጠ ቴፕ ነበር። አሁን ሁሉም «ስክሪን አድርግልኝ» ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ቡናም ቀርቧል። የማውቀውን እመልሳለሁ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ለሳምንት አይቆይም።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ከጃፓን ከነቴፑ ነው የመጣችው። ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። ሬዲዮው ደግሞ የሚይዘው ጣቢያ የለም ማለት ይቻላል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ይጀምራል፣ የቆዩት ቴፖች 90 ላይ ያቆማሉ። የእኛ ከ87.5 እስከ 108 ነው። የሚገናኙት ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በአንቴናውና በቴፑ መሃል የምትገባ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ ሞገዱን ዝቅ ታደርገዋለች። 20 የምትቀንስ ከሆነች 98.1 የነበረውን ጣቢያ 78.1 ላይ ታገኘዋለህ። ድምፁ ግን ትንሽ ይሻክራል። ካርታው የጃፓን ብቻ ነው፤ ቶኪዮን ያውቃል፣ የደሴን ቧንቧ ውሃ ሰፈር አያውቅም። እሱን ለማሳመር ብር አታውጣ፤ ቴፑን ቀይረው።

ጥያቄ፦ እሺ ልቀይር። 9 ኢንች ይሻላል ወይስ 10?

ኢንቹን ተወውና ራሙን ጠይቅ፤ ብዙ ሥራ አንድ ላይ የሚያስኬድለት ማስታወሻ እሱ ነው። ባለ 1 ጊጋ አትግዛ። ካርታ ከፍተህ ሙዚቃ ስታስነሳ ይደርቅብሃል። 2 ጊጋ ራም ከ32 ጊጋ ማከማቻ ጋር ትንሹ ነው፤ አቅም ካለህ 4 ጊጋ። ሴቲንግ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን፣ አሳምረው የሚልኩ አሉ። ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ ካርታም ሙዚቃም አንድ ላይ አስነሳ፣ ከዚያ የኋላ ማርሹን ካሜራ አስጠራ። እየጎተተ ከሄደ አመስግነህ ውጣ። ሌላው ቴፑ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የብዙ ቶዮታ 20 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ተራው 18 በ10። ፍሬም ሳይስማማ በቢላ የተቆረጠ ክሩስኮቶ ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ስክሪን ካስገጠምኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መኪናዬ አትነሳም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከኮምቦልቻ ነኝ።

አብሽሪ እህቴ። ባትሪው ምንም አላጠፋም። ከስክሪኑ ጀርባ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ አለ። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያገኛል፤ ሥራው ሰዓቱና ሴቲንጉ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ቀዩ ኃይል ማግኘት ያለበት ቁልፍ ስታዞሪ ብቻ ነው። የቸኮለ ገጣሚ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልላቸዋል። ስክሪኑ ቦግ ይላል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ። ሌሊቱን ግን እሱ አይተኛም። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢስብ በ24 ሰዓት 12 አምፔር-ሰዓት ይጠጣል። የትንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ 35 ወይም 45 ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች አለቀላት።

እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ልደብቅሽ አልችልም። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ከመርሳ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ሰላም እንኳ አላለኝም። «ና ግፋ!» ብቻ። ከዚያ ወዲህ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ሳልይዝ ሽቦ አልነካም።

አንድ ኤሌክትሪሽያን ጋ ሄደሽ ይህን አስደርጊ። ቁልፍ ወጥቶ፣ በር ተዘግቶ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሃል ቴስተር ይግባ። ትንሽ ጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካሳየ የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። የስክሪኑ ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ሌባው ተያዘ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ላይ 12 ኢንች ዎፈር ይገባል? ማሲንቆ ስከፍት መኪናው እንዲንቀጠቀጥ ነው የምፈልገው። ከወልድያ።

ሳቅኩ፣ ይቅርታ ወንድሜ። ማሲንቆ እኮ አንድ ጅማት ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ዎፈር የሚጫወተው በግምት ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ነው። ማሲንቆውም የዘፋኙም ድምፅ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ናቸው። 12 ኢንች ዎፈር ብትገዛ ማሲንቆው ያው ነው፣ ሻንጣ ማስቀመጫህ ብቻ ይሄዳል። የወሎ ሰው ሆኖ አምባሰልና ባቲ የሚሰማ ሰው ብሩን የፊት በር ስፒከር ላይ ያድርግ። ከፋብሪካው የመጣው የወረቀት ስፒከር ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ዳሩ ይሰነጠቃል። ያኔ ነው ማሲንቆው ቆርቆሮ የሚሆነው። ስፒከሩን ስትቀይር የበሩን ውስጥ ቀዳዳዎች በማጣበቂያ ሽፋን አስደፍን። በር ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሁለተኛ ስለ ዎፈር አንስተውብኝ አያውቁም።

ድቤ ያለበት መንዙማ የምትወድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ድቤ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚያ ከወንበር ሥር የምትገባ 8 ኢንች ትበቃለች። ካርቶን ላይ «1000 ዋት» ሲልህ አትደንግጥ። ስክሪኑ ላይ «4 በ50 ዋት» የተጻፈውም ቢሆን እውነተኛው በአንድ ስፒከር 20 አካባቢ ነው። አምፕሊፋየር ከጨመርክ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ብረት ላይ ከተላጠ እሳት ነው።

ጥያቄ፦ እንግዳ ይዤ ላሊበላ እሄዳለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤሱም ይጠፋል?

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፤ ሲም ካርድ አይፈልግም። ቢያንስ 4 ሳተላይት ካየ ያለህበትን ያውቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው የካርታው ሥዕል ነው። ስለዚህ ሳትነሳ ቤት ሆነህ ካርታውን አውርደው። ጉግል ማፕ ላይ አካባቢውን መርጠህ ማውረድ ትችላለህ፣ ግን ካላደስከው ጊዜው ያልፍበታል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። እኔ ሁለት ዓይነት ጭኜ ነው የምይዘው።

ካርታውን አውርደህም አልሠራ ካለ አንቴናውን ጠርጥር። ከስክሪኑ ጋር የምትመጣ አራት ማዕዘን ጥቁር ነገር አለች። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ መቀመጥ አለባት። አንድ መኪና መጣልኝ፤ ሰውየው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ገብቷል፣ ካርታው ግን ኮምቦልቻ አስቀምጦታል። ስፈታው አንቴናዋ ከሽቦዎቹ ጋር ተጠቅልላ ከቴፑ ጀርባ፣ ብረት ሥር ተወሽቃለች። 10 ደቂቃ አልፈጀም።

ካርታ ርቀት እንጂ አቧራና ድንጋይ አይቆጥርም። ከወልድያ ላሊበላ በኩልመስክ ያጥራል ቢልህ ዘለህ አትግባ። በጋሸና የሚዞረው ቢረዝምም ሊሻልህ ይችላል። ወልድያ መናኸሪያ ቆመህ ሹፌር ጠይቅ፣ የዛሬውን መንገድ የሚያውቅ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አይሱዙ አለኝ፣ ከባቲ እህል እጭናለሁ። የገዛሁት ቴፕ በገባ በደቂቃው ጨሰ።

አባቴ፣ መኪናዎ 24 ቮልት ነው፣ ቴፑ 12። በመሃል ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ያስፈልግዎታል። ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ላይ ብቻ ቀጥሎ 12 የሚወስድ ሰው አለ፤ አይፍቀዱለት። አንዱ ባትሪ እየተራበ፣ ሌላው ከልኩ በላይ እየጠጣ ሁለቱም ይሞታሉ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስሰጥ ስፒከሩ አብሮ «ዊይይ» ይላል። ስለቅ ይቀንሳል።

ማሳ ነው። የአምፕሊፋየሩን ማሳ ቀለም የተፋቀ ብረት ላይ፣ አጭር ሽቦ አድርገህ እሰር። የድምፅ ገመዱንም ከባትሪ ሽቦው አርቀው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ትቀይረዋለህ?

የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። አልቀይረውም፣ አንተም አታስነካው። ኤሲው፣ ካሜራው፣ የመኪናው ሴቲንግ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቋንቋውን በሶፍትዌር የሚቀይር ሰው ፈልግ። እስከዚያ ስልክህን ማንጠልጠያ ላይ አድርገህ ካርታውን በእሱ እይ።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ክሊፕ ላይ አይከፍትም፣ «የእጅ ፍሬን ያዝ» ይለኛል። ሽቦዋን ማሳ ላይ አስረህ ዝም ታሰኝልኛለህ?

አላስርም። የሐረጎን ጥምዝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ለልጆቹ ከሆነ ከፊት ወንበር ጀርባ የሚታሰር ስክሪን አለ። እሱን አምጣ፣ በደስታ እገጥምልሃለሁ።