የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በድሮ ዋሻ ጌሞች ላለመጥፋት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ደንጀን ክሮለር ናቸው፤ ቡድን አደራጅቶ፣ ትጥቅ ገዝቶ፣ ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ስለሚወረድባቸው የቆዩ የዋሻ ጌሞች።

«የመጀመሪያውን ዊዛርድሪ ጀምሬ ነበር። ስድስት ሰው ፈጥሬ በገባሁ ቁጥር ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ውጊያ ላይ ሁሉም ያልቁብኛል። የማላውቀው ነገር አለ?» — ከአዳማ

አለ፤ እሱም ያለው ዋሻው ውስጥ ሳይሆን ከተማው ውስጥ ነው። አንድሪው ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1981 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር የወጣው ይህ ጌም ጀማሪን አያባብልም። ቡድኑ በደንብ ሳይደራጅ ከወረደ የሚሆነው እርስዎ ያዩት ነው።

ሰው ሲፈጥሩ የሚሰጥዎት ተጨማሪ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ነው። አንዳንዴ ከዚያ በጣም የበለጠ ይመጣል፤ ስለዚህ 7 ሲሰጥዎት ይሰርዙና እንደገና ይፍጠሩ። ዋናውን ችሎታ ሙያው ወደሚጠይቀው 11 ያድርሱ፤ የተረፈውን ቫይታሊቲ ላይ ያውሉት። ቫይታሊቲ የሕይወት ነጥብን ከመጨመሩም በላይ የሞተ ሰው የመነሳት ዕድሉ በእሱ ይወሰናል።

ሰልፉ እንዲህ ይሁን፦ ፊት ሦስት ተዋጊ፣ ከኋላ ሌባ፣ ካህንና አስማተኛ። በዚህ ጌም በመሣሪያ መምታት የሚችሉት ፊት ያሉት 3 ብቻ ናቸው። ጠባያቸውን ሲመርጡም ይጠንቀቁ። ደግና ክፉ አብረው አይወርዱም፤ ሌባ ደግ መሆን አይችልም፤ ካህን ደግሞ ገለልተኛ መሆን አይችልም። ካህኑን ደግ፣ የቀሩትን ገለልተኛ ካደረጉ ሁሉም ይስማማሉ።

ቀጥሎ ገንዘብ ነው። መዝገቡ 20 ሰው ይይዛል። ትርፍ ሰዎች ፈጥረው ወርቃቸውን በማዋጣት ወደ አንድ ሰው ያሰባስቡና ትርፎቹን ይሰርዟቸው። ይህን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ በእኛ እምነት ግን ጌሙ ራሱ የፈቀደው አሠራር ስለሆነ ነውር የለበትም። ረጅም ሰይፍ 25 ወርቅ፣ ትልቅ ጋሻ 40፣ የሰንሰለት ጥሩር 90 ነው። መጀመሪያ ሦስቱን ተዋጊዎች ያልብሱ። አርመር ክላስ ከ10 ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ ነው መከላከያው የሚጠነክረው፤ ቁጥሩ ስለቀነሰ አይደንግጡ።

አሁን ይውረዱ፤ ነገር ግን ለአንድ ውጊያ ብቻ። ጀማሪ አስማተኛ ድግምት ማሰማት የሚችለው 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለካቲኖ ያውላቸው። ካቲኖ የጠላትን ቡድን ያስተኛል፤ የተኛውን ተዋጊዎቹ በቀላሉ ይጨርሱታል። ብዙ ጀማሪ ሃሊቶ በሚባለው እሳት አንዱን ገድሎ በቀሩት አራት ይበላል። ድግምቱ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሰው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ወደ ደረጃው ይመለሱ።

እንግዳ ማረፊያው ውስጥ በረቱ ነፃ ነው። የሕይወት ነጥብ አይመልስም፤ ድግምት ግን ይመልሳል። ስለዚህ ካህኑን በረት ያሳድሩት፣ ወደ ዋሻው መግቢያ ይውረዱና ሰፈር አድርገው ቁስለኞችን በዲዮስ ያክሙ፤ ካልበቃ ይድገሙት። ባለ ዋጋው ክፍል ገንዘብ ከመጨረሱ ሌላ በሳምንት እየቆጠረ ዕድሜያቸውን ይበላል። ተዋጊ ወደ ሁለተኛ ሌቭል ለመድረስ 1,000 ነጥብ፣ አስማተኛ 1,100 ያስፈልገዋል፤ እድገቱም የሚጸናው ማረፊያው ውስጥ ሲያድሩ ብቻ ነው። ሁሉም ሁለተኛ ሌቭል ሳይደርሱ ከደረጃው ርቀው አይሂዱ።

ሞት ወዲያው ዲስክ ላይ ይጻፋል። ሙታን የሚነሱበት የከተማው ቤተ መቅደስ ሬሳ ማንሳት ካልተሳካለት ሰውየው አመድ ይሆናል፤ አመዱን ማንሳት ካልተሳካ ደግሞ ለዘላለም ጠፋ። ቡድኑ በሙሉ ካለቀ ሬሳው እዚያው ስለሚቀር ሄዶ የሚያመጣው ሁለተኛ ቡድን አስቀድመው ያሳድጉ።

«ካርታ በእጄ እየሳልኩ ነው የምጫወተው፤ ግን መሃል ላይ ሁልጊዜ ይፋለስብኛል። የት ነው የምሳሳተው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እነዚህን ጌሞች ጌም የሚያደርጋቸው ካርታው ነው፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

ባለ ስኩዌር ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይያዙ። ከመጀመርዎ በፊት የፎቁን ስፋት ይወቁ፦ ዊዛርድሪ 20 በ20 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ባርድስ ቴል 22 በ22፤ በ1986 የወጣው ማይት ኤንድ ማጂክ 16 በ16። ዳር ዳሩን ከ0 ጀምረው ቁጥር ይጻፉበት። የዊዛርድሪ መግቢያ ደረጃ ግራ ታችኛው ጥግ፣ 0 በ0 ላይ ነው። ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ደቡብ ሲዞሩ ወረቀቱን አብረው አያዙሩ። ካርታ የሚፋለስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

እነዚህ ሦስት ጌሞች ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ የስኩዌሩን መስመር ብቻ ያድምቁ። ደንጀን ማስተርና አይ ኦፍ ዘ ቢሆልደር ላይ ግን ግድግዳው ራሱ ሙሉ ካሬ ይይዛል፤ እዚያ ካሬውን ያጥቁሩት። የአንዱን አሳሳል ለሌላው ከተጠቀሙ በሦስተኛው ኮሪደር ላይ መንገዶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ከተፋለሰ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ዋሻው ሆን ብሎ ያሳስታል። የዊዛርድሪ ፎቅ ዳሩ ከዳሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከካሬ 19 ወደ ምሥራቅ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ካሬ 0 ላይ ይገኛሉ። የረገጠውን ሰው ድምፅ ሳያሰማ ፊቱን የሚያዞር ካሬ አለ። ወደ ሌላ ቦታ የሚወረውር አለ። ምንም የማይታይበት የጨለማ ቀጠናም አለ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሥራቅ 7፣ ሰሜን 12 ላይ ነኝ ብለዋል፤ በስተግራ በር መኖር ነበረበት፤ የሚታየው ግን ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ ላጲስ አያንሱ። ቆመው ዱማፒክ የሚባለውን የአስማተኛ ድግምት ያሰሙ። ከመውጫው ደረጃ ስንት ካሬ ወደ ምሥራቅ፣ ስንት ወደ ሰሜን እንዳሉና ፊትዎ ወዴት እንደሆነ ይነግርዎታል። ቦታው ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ከተለየ የረገጡት አዟሪ ነው፤ ክብ ቀስት ይሳሉበት። ቦታው ራሱ ከተለየ ተወርውረዋል፤ የተነሱበትንና ያረፉበትን ካሬ በአንድ ፊደል ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ብቻ የተሳሳተውን ይደምስሱ።

ዱማፒክ አስማተኛው ሲያድግ የሚማረው የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት ነው። ቢያንስ አንድ ለመመለሻ ሳያስቀሩ አይጨርሱት። የካህኑ ሚልዋም አይቅር፤ ብርሃኑ አርቆ ከማሳየቱም በላይ የተደበቁ በሮችን ያወጣል። ወደፊት ማሎር የሚባለው የመዘዋወሪያ ድግምት ላይ ሲደርሱ ደግሞ የካርታዎ ትክክለኛነት ሕይወት ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ድንጋይ ውስጥ የገባ ቡድን አይመለስም።

ዲጂታል ኤክሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው አዲሱ የዊዛርድሪ ቅጂ ካርታውን ራሱ ይስላል፤ የጥንቱንም የአፕል ቱ ስክሪን ጥግ ላይ ያሳያል። ለመማር ግሩም ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን ፎቅ ብቻ እንኳ በእጅዎ ይሳሉት፤ ኮሪደሮቹን ሳያዩ ማስታወስ ሲጀምሩ ደስታው ሌላ ነው።

«ደንጀን ማስተር ላይ ጭራቆቹ እስክመታ አይጠብቁኝም፤ ምግብም ያልቅብኛል።» — ከሐዋሳ

እ.ኤ.አ. በ1987 በአታሪ ኤስቲ የወጣው ይህ ጌም ተራ አይጠብቅም፤ ሰዓቱ ይሮጣል። ስለዚህ ፊት ለፊት ቆመው አይደባደቡ። ሁለት በሁለት ሆኖ አራት ባዶ ካሬ ያለበት ቦታ ይፈልጉ። ጭራቁ ፊትዎ ሲመጣ ይምቱና ወደ ጎን ይራመዱ፤ ተከትሎ ሲገባ ይዙሩና ይምቱ፤ እንደገና ወደ ጎን። ብዙዎቹ ጭራቆች ከተራመዱ በኋላ ለመምታት ትንሽ ጊዜ ይወስዳሉ፤ የእርስዎ ዕድል በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ከሆኑ ደግሞ በር ይጠቀሙ። ከበሩ አንድ ካሬ ርቀው ይቁሙ፤ ጭራቁ በሩ ሥር ሲገባ የበሩን ቁልፍ ይጫኑ፤ በሩ እየወረደ ይቀጠቅጠዋል።

ምግብ የሚያልቅብዎት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ስለሚያበዙ ነው። መተኛት ማና የሚባለውን የድግምት ኃይል ይመልሳል፤ ግን ሰዓቱን ስለሚያሮጥ ረሃብና ጥማትም አብረው ይሮጣሉ። ስክሪመርና ወርም የሚባሉት ጭራቆች ሲገደሉ የሚበላ ይጥላሉ፤ ወዲያው አይብሉት፣ ያስቀምጡት። የውኃ ከረጢቱን በየምንጩ ሳይሞሉ አይለፉ። ችቦ ለመቆጠብ ሎ ፉል የሚለውን የብርሃን ድግምት ደጋግመው ያሰሙ፤ ችሎታ በመሥራት ስለሚያድግ ቢከሽፍም ልምምድ ነው።

«ዶስቦክስ ላይ የጫንኩት አሮጌ ጌም እጅግ ይፈጥናል። ሌላው ደግሞ ሲከፈት ከመመሪያው ቃል አምጣ ይላል።» — ከዱባይ

ፍጥነቱ፦ ዶስቦክስ የድሮ የዶስ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የዚያ ዘመን አንዳንድ ጌሞች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰዓት ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው። ኮንትሮልን ይዘው ኤፍ11 ሲጫኑ ይቀንሳል፣ ኤፍ12 ይጨምራል። የሚስማማዎትን ካገኙ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ሳይክልስ በሚለው መስመር ላይ ቋሚ አድርገው ይጻፉት፤ 3000 ጥሩ መነሻ ነው።

ቃሉ፦ ይህ የቅጂ መከላከያ ነው። አይ ኦፍ ዘ ቢሆልደር ከመመሪያ መጽሐፉ ቃል ይጠይቃል፤ ፑል ኦፍ ሬዲያንስ የሚዞር የወረቀት ጎማ ነበረው። እንደ ጂኦጂ ካሉ ሕጋዊ ሻጮች ሲገዙ የመመሪያው ቅጂ አብሮ ስለሚመጣ ከመጀመርዎ በፊት ያውርዱት። መከላከያው ባይኖርም ያንብቡት፤ የድግምቶቹ ስምና ሥራ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ጌሙ ስክሪን ላይ አያስረዳዎትም።