ቀልዴ ከዓሣው ጋር ቀዘቀዘ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። 26 ዓመቴ ነው፤ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወሩትን ኃላፊያችንን ጣና ዳር ራት ጋብዘን ሸኘናቸው። 18 ሰው እንሆናለን። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጥብስ ታዘዘ። የእሳቸው ትልቁ ነበር፤ አስተናጋጁ አናቱን ወደ እሳቸው አዙሮ አስቀመጠው። እኔ እንደ ልማዴ ጨዋታ ላድምቅ ብዬ «እንግዲህ ጋሼ፣ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም የራሱን ሰሃን ማየት ጀመረ። ደንግጬ «ማለቴ ዓሣውን ነው እኮ፣ እርስዎን አይደለም» አልኩ። ባሰ። ሌላ ቀልድ ጨመርኩበት፤ እሱን እንኳ አልጽፈውም። ኃላፊው ፈገግ ብለው ሎሚ ጨመቁበትና ዝም አሉ። ስንበተን ባጃጅም አልያዝኩ፤ አዲሱ ድልድይ ላይ በእግሬ ስመላለስ አመሸሁ። ያን ሰዓት ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሁንስ ልደውልላቸው ወይስ እንዲረሳ ልተወው?
ሼም የያዛት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ስቄ ልጨርስ። ይቅርታ። ወረቀት ላይ እኮ ያስቃል። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ስንቴ እንደተመላለስሽ ግን አልነገርሽኝም።

ሰዎቹ ያልሳቁት ቀልዱ ስላልገባቸው እንዳይመስልሽ። በደንብ ነው የገባቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው እንኳ አንድ ነገር ስትነግሪው ከሥሩ ሌላ ነገር ይፈልጋል። «ዓሣ» ስትዪ ሰሙን ሰማ፤ «አናት» ስትዪ ወርቁን አገኘ። ወርቁ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሎሚ ይጨምቃል! ታዲያ «ዓሣውን ነው እኮ» ስትዪ ምን አደረግሽ? ገና ያልገባው አንድ ሰው ቢኖር ለእሱም ፈታሽለት።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ እመራለሁ። አንድ ጊዜ የሙሽራው ወገን ከዘጌ በጀልባ ይመጣ ነበርና በጣም ቆየ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተርቧል። ማይኩን ይዤ «ከዘጌ የመጣ ሙሽራ ባይዘገይ ነው የሚገርመው» አልኩ። ቤት ውስጥ ሳስበው አሪፍ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግን ዝንብ ሲበር ይሰማል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ብቻ ሳል ሳለ። እኔም እንዳንቺው «ዘጌ… ዘገየ… ገባችሁ?» ብዬ ጨመርኩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «ገብቶናል ልጄ፣ ቀጥል» አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ! ሳቁ የእሳቸው ነው፤ እኔ ግን ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቀልዴ ሲከሽፍ «እሺ፣ ይሄ ለቤት ይቆይ» እልና ቀጣዩን ፕሮግራም እጠራለሁ። ዝምታው ለተናጋሪው ነው የሚረዝመው፤ ለተቀመጠው ሰው ወጥ እስኪጨለፍለት ነው።

የእኔው ግን ማንንም አልነካም። ሙሽራው ራሱ ገና ጀልባ ላይ ነበር። ያንቺ ሰው ነክቷል። እንዲህ ሲሆን «ለቤት ይቆይ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ዞር ብለሽ እሳቸውን ብቻ አይተሽ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አፌ ቀደመኝ» ማለት ነበረብሽ። ከዚያ ሚጥሚጣውን ማቀበል። በቃ። ለቀሩት ሰዎች መግለጫ አያስፈልግም። ሁለተኛውን ቀልድ የጨመርሽው የመጀመሪያው እንዲረሳ ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። ግን ባጃጅ ጭቃ ሲይዘው ነዳጅ የሚሰጥ ሾፌር አይተሽ የለ? ጎማው ነው ይበልጥ የሚቀበረው።

አለቃ ገብረሃናን ታውቂያቸዋለሽ። የጣና ማዶ ሰው ናቸው፣ የፎገራ። (ልጆች መቀለድን «መፎገር» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።) ከሚወራላቸው ሁሉ የምወደው የተሸነፉበትን ነው። አህዮች የምትነዳ ሴት አገኙና «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት» አሏት ይባላል። እሷም «እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርክ ልጄ?» አለቻቸው። አለቃ «ማለቴ እኮ…» ብለው ሲከራከሩ የሚያሳይ ጨዋታ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ደውዪ። ቴክስት አይሆንም፤ የሚስቅ ፊት ካከልሽበት ደግሞ ሦስተኛ ቀልድ ይሆንብሻል። «ጋሼ፣ በሰላም ገቡ? ቤት ተገኘ?» ብለሽ ጀምሪ። ቀጥለሽ «የዚያን ዕለት ራት ላይ የተናገርኩት ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ይቅር ይበሉኝ» በዪ። እዚያ ላይ ዝም በዪ። ተረቱን አትድገሚው፤ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» የሚለውንም ተዪው። «ኧረ ተረስቷል» ካሉሽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ስለ አዲሱ ሥራቸው ጠይቂ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ። ስንትና ስንት ተረት እያለ ያ ተረት ለምን ቀድሞ አፍሽ ላይ መጣ? ከሰውየው ጋር የቆየ ቅሬታ ካለሽ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ነው። ቅሬታው የራሱ ቀን አለው። ከሌለሽ ደግሞ አትጨነቂ፤ ዓሣ ሲቀርብ ዓሣ ያለበት ተረት ይመጣል፣ አፍ እንዲህ ነው።

ቢሮ ውስጥ «ዛሬ አናቴን ያመኛል» እያለ ሙድ የሚይዝብሽ አይጠፋም። አብረሽው ሳቂ። ግን ሳትደውዪ በፊት ራስሽ እንዳትጀምሪው፤ ወሬው ከስልኩ ቀድሞ ይደርሳቸዋል።

ያልጻፍሽውን ሁለተኛውን ቀልድ ግን ላኪልኝ። ቅዳሜ ሰርግ አለኝ።