ሰቆጣ አካባቢ ስለሚካሄደው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለጠየቁት እህታችን

እናትዎ በሚኖሩበት በሰቆጣ አካባቢ ነጻ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ ሊሰጥ መሆኑን፣ ሆኖም ባለፈው ዘመቻ የታከሙ ጎረቤታቸው ብርሃናቸው ስላልተመለሰ እናትዎ መፍራታቸውን ጽፈው፣ «እዚያው ይታከሙ ወይስ አዲስ አበባ ላምጣቸው?» ብለው ጠይቀዋል። በዓይን ነርስነት በዋግ ኽምራና በሰሜን ወሎ ዘመቻዎች ላይ ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎት።

ከቀዶው በፊት በቂ ምርመራ፣ ከቀዶው በኋላም ክትትል መኖሩን ካረጋገጡ እዚያው ይታከሙ እላለሁ። በዘመቻ የሚሠራበት ዘዴ በትንሽ ቀዳዳ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስፌት፣ ሞራውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ሲሆን፣ ለዓመታት ቆይቶ ለጠነከረ ሞራ በጣም የሚስማማ ነው። «ሞራው እስኪበስል ይቆይ» የሚሉ ሰዎችን ግን አይስሟቸው።

የጎረቤታቸው ዓይን ለምን እንዳልበራ ሳላያቸው መናገር አልችልም፤ በአካባቢው ደጋግሜ ያየሁት ግን ከሞራው ጀርባ ሌላ በሽታ መኖሩን ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ሲሆን፣ በእኛ ገጠር ሁለቱ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ይገናኛሉ። የዓይን ግፊት ነርቩን ጎድቶት ከሆነም ሞራው በጥሩ እጅ ቢወጣ እንኳ ብርሃን አይመለስም። ስለዚህ እናትዎ ከየአቅጣጫው የሚበራላቸውን ባትሪ ከየት እንደመጣ መለየት መቻላቸው ይታይ፤ የዓይናቸው ግፊት ይለካ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ካላቸው፣ ብሌኑን ስለሚፍቅና ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ፣ አስቀድሞ ይስተካከል።

ለዓይናቸው የሚስማማው የሌንስ ኃይል ከቀዶው በፊት ይለካ እንደሆነም ይጠይቁ። መለኪያ በሌለበት ዘመቻ ለሁሉም መካከለኛ ኃይል ያለው ሌንስ ይገባል፤ ታካሚው መነጽር ቢያገኝ ጥርት አድርጎ የሚያይ ሆኖ ሳለ «ቀዶው አልሠራልኝም» ብሎ ይቀራል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያን ሰው መልሶ የሚፈልገው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ ከታከሙት ቢያንስ 80 በመቶው ባላቸው መነጽር 6/18 (ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት ማለት ነው) ወይም ከዚያ የተሻለ ሊያዩ፣ ከ6/60 በታች፣ ማለትም እጅግ ደካማ የሚያዩትም ከ5 በመቶ በታች ሊሆኑ ይገባል። አዘጋጆቹ ይህን ከሳምንታት በኋላ ለክተው የሚመዘግቡ ከሆነ ልብዎን ጥለው ይላኳቸው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እይታው ደብዘዝ ቢል አይደንግጡ፤ ሞራው ጠንካራ ከነበረ የዓይኑ ፊት ለጥቂት ቀናት ያብጣል። ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየቀላ፣ እይታው እየቀነሰ ከሄደ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግላቸው፣ እጁን በሳሙና መታጠብ የተማረ አንድ የቤተሰብ ሰው ከአሁኑ ይመደብ። እናቶቻችን ስግደቱንና ፀበሉን ማቋረጥ ይከብዳቸዋል፤ ማጎንበሱም ሆነ ያልተጣራ ውሃ ዓይን መንካቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚጎዳ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ እንዲያቆዩት የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኛ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው፣ አንደኛው ዓይናቸውም ከዚህ በፊት ተነክቶ ከሆነ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ምክሬ ሊለወጥ ይችላልና።